ልጅዎ ሌሊት እንዴት ይተኛል?



በትምህርት ቤትም ሆነ በመድረሳ የሚያንቀላፋ ልጅ «ሰነፍ»፣ የሚቅበጠበጠው ደግሞ «ባለጌ» ይባላል። እንቅልፍ ያነሰው ልጅ እንደ አዋቂ ከመፍዘዝ ይልቅ መቅበጥበጥና መነጫነጭ ሊያበዛ እንደሚችል ብዙዎቻችን ልብ አንልም። ስለዚህ ከቁጣው በፊት የልጁን ሌሊት እንመልከት።

ማንኮራፋቱን በተለይ አዳምጡ። በጉንፋን ሰሞን ብቻ ከሆነ ብዙም አያሳስብም። ዘወትር የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ብሎ በድንገት አየር እየሳበ የሚባንን፣ አፉን ከፍቶና በላብ ተነክሮ የሚያድር ከሆነ ግን የአየር መተላለፊያው ሳይጠብ አይቀርም። በልጆች ላይ የተለመደው ምክንያት የቶንሲልና ከአፍንጫ በስተጀርባ ያለው እጢ ማበጥ ነው። ከትንፋሹ ጋር ሲታገል ያደረ ልጅ ጠዋት ፊደል ቢጠፋበት ምን ይገርማል? አንዳንድ ቤተሰብ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ወደ ቆራጭ ይወስደዋል። አደራ! እንጥል መቁረጥ ያበጠ ቶንሲልን አያሳንስም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝን ግን ያመጣል። ማንኮራፋቱን በሞባይል ቅዱና ለአንገት በላይ ሐኪም አሰሙ።

ሌላው ወላጅን የሚያስደነግጠው፣ ልጁ በተኛ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጮኾ መነሳቱ ነው። ዓይኑ ተገልጦ እናቱን አያውቃትም፤ ጠዋት አንዳች አያስታውስም። ወዲያው «ጂን ነው» ይባላል። ቁርኣን ይቀራበት፣ መልካም ነው። ሆኖም ይህ በሕክምና የታወቀ፣ አብዛኛው ልጅ ሲያድግ የሚተወው ነገር ነው። አትቀስቅሱት፤ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት። ድካም ስለሚያብሰው በጊዜ ይተኛ። እጅና እግሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን የሚጥል በሽታ እንዳይሆን ሐኪም ይየው።

ወደ ወጣቶቹ ስንመጣ፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በጉርምስና ሰውነቱ ራሱ እንቅልፉን ያዘገይበታል፤ ሞባይል ሲጨመርበት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ለሱብሒ 11 ሰዓት ላይ ሲነሳ የተኛው 5 ሰዓት ብቻ ነው። መፍትሔው ከሱብሒ ማስቀረት ሳይሆን ምሽቱን ማሳጠር ነው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወግ ማብዛትን ይጠሉ ነበር። ሞባይሉ ሌሊት ከወላጅ ዘንድ ይደር። ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅር። «ለፈተና ያነቃኛል» የሚባለው ጫት ደግሞ የዛሬን ሌሊት ወስዶ በነገው የፈተና ወረቀት ላይ ያስተኛል።