«አንድም» እና «ለእኔ እውነቴ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ለአንተ እውነት የሆነው ለእኔ እውነት ላይሆን ይችላል» የሚለውን አነጋገር ያልሰማችሁ አትኖሩም። ትሕትና ስለሚመስል ብዙዎቻችን ሳንመረምር ተቀብለነዋል። እኔን ያስደነቀኝ ግን በቅርቡ አንድ የዩኒቨርሲቲ ባልንጀራዬ ለዚህ ሐሳብ ከራሳችን ቤት ምስክር መጥራቱ ነው። «መምህራኖቻችሁ ‹አንድም› እያሉ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ይተረጕሙ የለምን? ታዲያ እውነት አንዲት ናት የምትሉት ከየት አምጥታችሁ ነው?» አለኝ።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በጉባኤ ቤት የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መምህሩ አንዱን ንባብ ይዞ አንድም ይህ ነው፣ አንድም ያ ነው እያለ ምሥጢሩን ያሰፋዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ «አንድም» የሚባለው አስቀድሞ አንድ ንባብ ስላለ ነው። አንዱ ትርጓሜ ታሪኩን፣ ሌላው ምሳሌነቱን፣ ሌላው ለኑሯችን የሚሆነውን ምክር ይገልጣል እንጂ አንዱ የሠራውን ሌላው አያፈርስም። ወሰንም አለው። አርዮስ ምሳሌ 8፥22ን ጠቅሶ ወልድን ፍጡር ባለ ጊዜ፣ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት «ይህም አንድ አንድም ነው» ብለው አላለፉትም፤ አወገዙት። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው ወርቁን ስቶ ቢፈታና «ለእኔ የታየኝ ወርቅ ይህ ነው» ቢል የትኛው የኔታ ይለቀዋል?

ሥርዓት ከአገር አገር መለያየቱን አንክድም። እኛ ልደትን ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን እናከብራለን፤ በሃይማኖት አንድ የሆንናቸው አርመናውያን ግን ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን ያከብራሉ። ስለዚህ የተጣላ የለም። የቀኑ መለያየት የተወለደውን ሁለት አያደርገውም።

ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የነበረው ፕሮታጎራስ ሰውን የነገር ሁሉ መለኪያ አድርጎ አስተምሮ ነበር። አፕላጦንም «ቴአቴቶስ» በተባለው መጽሐፉ መለሰለት፦ ለእያንዳንዱ የመሰለው ሁሉ እውነት ከሆነ፣ «ፕሮታጎራስ ተሳስቷል» የሚሉ ሰዎች ሐሳብም እውነት ሊሆን ነው። ትምህርቱ በገዛ እጁ ወደቀ።

ባልንጀራዬ ግን የቀረው ክርክር ነበረው፤ የበረታውም ይህ ነበር። «እውነት በእኛ ዘንድ ብቻ ናት ያሉ ሰዎች ስንቱን በግድ አስጨነቁት!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእኛም ታሪክ ከዚህ ፈጽሞ ነጻ አይደለም። ዛሬም ለጠየቀን ሁሉ በስድብ የምንመልስ አለን። እኔም ያን ዕለት አስቀድሜ ተቆጥቼ ነበርና ይህን የምጽፈው በሌላው ለመፍረድ አይደለም። ነገር ግን ማስጨነቅ ክፉ የሚሆነው በማን ሚዛን ነው? የተጨነቀው ስላልወደደው ብቻ ነውን? እንዲያማ ከሆነ አስጨናቂውም «ለእኔ እውነቴ» ብሎ ያመልጣል።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ተገደሉ። የተጠየቁት አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲሰብኩ ነበር፤ እምቢ አሉ። ወራሪውም የራሱ «እውነት» ነበረው፤ ሥልጣኔ ይዤ መጣሁ ይል ነበር። እውነት በየወገኑ የምትለዋወጥ ከሆነች፣ እርሳቸው ኢትዮጵያዊ፣ ገዳዮቻቸውም ጣልያን ነበሩ ከማለት በቀር የምንጨምረው አይኖርም። ሰማዕትነታቸው የጠባይ ግትርነት፣ ግድያውም የአመለካከት ልዩነት ሆኖ ይቀራል።

ይህን ስነግረው ባልንጀራዬ ፊቱ ተለዋወጠና «እርሱማ ግፍ ነው» አለኝ።

«ለማን?» አልሁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።