መንገድ መሪው ራውተር

በየመሥሪያ ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለ የምትቀመጠውን ትንሽ ሣጥን ብዙ ሰው «ዋይፋይ» ይላታል፤ ሌላው ደግሞ «ራውተር» ይላታል። ስሟን የማያውቅ ባይገኝም ሥራዋን ለይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ አንዱን መሣሪያ ከሌላው ማደባለቅ፣ ይልቁንም በዕቃ ግዥ ጊዜ አንዱን በሌላው ፈንታ ማዘዝ የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የየመሣሪያውን ሥራ ለይተን ለመግለጽ እንሞክራለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ፈረንጆች ኔትወርክ የሚሉትን አማርኛ «መረብ» ይለዋል፤ እኛም በትግርኛ «መርበብ» እንለዋለን። የመረብ ጠባይ ክሩ ብዙ፣ ቋጠሮውም ብዙ መሆኑ ነው፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ይህን ነገር አንባቢያችን እስከ መጨረሻው ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ለምሳሌ ያህል በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር የሚገኘውን ኡም ጋርጉርን እንውሰድ። ይህ ሰፈር ኤርትራውያን ስደተኞች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሚኖሩበት ነው። በዚያ የምትኖር አንዲት እናት በጅዳ ከሚሠራ ልጇ በስልክ መልእክት ይመጣላታል እንበል። መልእክቱ እንደ አንድ ደብዳቤ ሳይሆን በብዙ ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። በያንዳንዱም እሽግ ላይ እንደ ፖስታ ሁሉ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ በቁጥር ይጻፋል።

እነዚህን እሽጎች ከሚያስተናግዱት መሣሪያዎች ሞደም የሚባለው አስተርጓሚ ነው። በስልክ ሽቦ ወይም በሌላ መስመር የሚመጣውን ምልክት ኮምፒውተር ወደሚያውቀው ይለውጣል፤ የኮምፒውተሩንም መልሶ መስመሩ ወደሚሸከመው ይለውጣል። ሀብ የሚባለው ደግሞ እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ የሰማውን ለሁሉም ይናገራል፣ መልእክቱ የማን እንደ ሆነ አይለይም። ስለዚህም ዛሬ ከሥራ ወጥቷል ለማለት ይቻላል።

ስዊች ግን እንደ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነው። የየክፍሉን ሰው ለይቶ ስለሚያውቅ ወረቀቱን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። ይህንንም የሚያደርገው በየመሣሪያው ላይ ከፋብሪካ የሚሰጠውን ቁጥር በመመልከት ነው። ነገር ግን ዕውቀቱ በግቢው አጥር ተወስኖ ይቀራል፤ ከበሩ ውጭ ያለውን መንገድ አያውቅም።

ከበሩ ውጭ ያለውን መንገድ የሚያውቀው ራውተር ነው። እርሱ የሚቆመው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ መረቦች በሚገናኙበት ሥፍራ ነው። እሽጉ በደረሰው ጊዜ የተቀባዩን አድራሻ አንብቦ፣ የመንገድ መዝገቡን ተመልክቶ፣ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይሰደዋል። ከጅዳ እስከ ኡም ጋርጉር ያለውን ጉዞ በሙሉ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የሚቀጥለውን መታጠፊያ ማወቅ ይበቃዋል። ታላላቆቹ ራውተሮችም የተከፈተውንና የተዘጋውን መንገድ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ መዝገባቸውን ያድሳሉ። መንገድ የጠፋው እሽግም ያለ ፍጻሜ እንዳይዞር ከ255 የማይበልጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ በያንዳንዱ ራውተር ዘንድ በአንድ እየተቀነሰ ዜሮ ሲደርስ እሽጉ ይጣላል።

እንግዲህ የቤታችን ሣጥን ብዙውን ጊዜ ሞደምን፣ ስዊችን፣ ራውተርንና ያለ ሽቦ የሚያገናኘውን መሣሪያ በአንድነት የያዘች ስለ ሆነች ስሙ መደባለቁ አያስገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በሱዳን ጦርነት የተነሣው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ የሦስቱ ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች፣ የሱዳኒ፣ የዜይንና የኤምቲኤን አገልግሎት በአብዛኛው አገር ተቋረጠ። ገዳሪፍ ከካርቱም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀች ብትሆንም ዝምታው በእርስዋም ላይ ወደቀ። ከጅዳ የሚነሣው የባሕር ውስጥ መስመር የሚያርፈው በፖርት ሱዳን፣ በዚያው በምሥራቁ ክፍል ነው፤ ሆኖም የኩባንያዎቹ ዋና ማዕከላት የነበሩት በካርቱም ነበር። ማዕከላቱ ሥራ ሲያቆሙ የሩቁም አገር አብሮ ቆመ። ጥሬ ገንዘብ በጠፋበት በዚያ ወራት ብዙ ሕዝብ ዳቦውን የሚገዛው «ባንካክ» በሚባለው የስልክ ባንክ በሚደርሰው ገንዘብ ስለ ነበረ፣ የመስመሩ መቋረጥ የወሬ መቋረጥ ብቻ አልነበረም፤ የምግብም ጭምር እንጂ። አገልግሎቱ በምሥራቁ ክፍል ቀስ በቀስ የተመለሰው በፖርት ሱዳን ሌላ ማዕከል ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው ራውተር መንገድ ይመርጣል እንጂ መንገድ አይሠራም የሚለውን ነው። መንገዱ አንድ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ የቱንም ያህል ብልህ መሣሪያ ቢቆም የሚመርጠው ነገር አይኖረውም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ባራን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣቸው ጽሑፎች፣ መረብ ከፊሉ ቢፈርስ እንኳ የቀረው እንዲሠራ ማዕከሉ በአንድ ሥፍራ መሆን እንደሌለበት ገልጾ ነበር። ኢትዮጵያም በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል የውጭ መስመሮችን መዘርጋቷ በዚሁ ዓይን ሲታይ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ የሚገዛ ሹም ሁሉ ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። የሚያስፈልገን በግቢ ውስጥ የሚያገናኝ ከሆነ ስዊች ይበቃናልን? ወደ ውጭ የሚያወጣን ከሆነ ራውተሩ ለሥራችን ብዛት ተስማሚ ነውን? ይልቁንም አንዱ መስመር በተቆረጠ ዕለት ራውተሩ የሚመርጠው ሁለተኛ መንገድ አዘጋጅተናልን? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሻጩ ሊመልስልን ይችላል፤ ሦስተኛው ግን የኃላፊው የራሱ ሥራ ነው።