ከልጆቻችን ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ



እስራኤላውያን ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ እግዚአብሔር ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋዮች እንዲወሰዱ እንዳዘዘ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 እናነባለን። ድንጋዮቹ የቆሙት ለጌጥ አልነበረም። ነገ ልጆች አይተው ሲጠይቁ ወላጆች የሚመልሱላቸው እንዲኖራቸው ነበር። የልጅ ድርሻ መጠየቅ ነው፤ የወላጅ ድርሻ ደግሞ መልሱን አውቆ መገኘት ነው።

በዚህ እትም ጎንደር ስለሚገኘው ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ልጽፍላችሁ የወደድሁት ለዚህ ነው። ምክንያት የሆነኝም በአንድ ወቅት ለምክር ወደ እኛ ቤት የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ሚስቲቱ ጎንደር ተወልዳ ያደገች ናት፤ እናቷ ኦርቶዶክስ ናቸው። አያት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ሥላሴን ሊያሳዩአቸው ፈለጉ። ባል ግን «ልጆቼ እዚያ አይገቡም» አለ። ሚስት በእናቷና በባሏ መካከል ቀረች። ጉዳዩ እኛ ዘንድ ሲደርስ የጉብኝት ነገር መሆኑ ቀርቶ የሁለት ቤተሰብ ቅያሜ ሆኖ ነበር። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ብዙዎች እንደምትሆኑ እገምታለሁ።

እኔ የምመክረው ሂዱ ብዬ ነው። ነገር ግን አውቃችሁ ሂዱ፤ ተስማምታችሁም ሂዱ።

ምን ታያላችሁ?

ይህ ደብረ ብርሃን የሸዋው ከተማ አይደለም። ከፋሲል ግቢ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዛፍ በከበበው ኮረብታ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያሠሩት ከ1682 እስከ 1706 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የነገሡት ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ናቸው። የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ እንደ ነበረና መብረቅ እንደ መታው ይነገራል። ዛሬ የቆመው አራት ማዕዘን ያለው ሕንፃ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ልጆቻችሁን የአጥሩን ማማዎች አስቆጥሯቸው። አሥራ ሁለቱ ክብ ማማዎች የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ምሳሌ እንደ ሆኑ ይነገራል። መግቢያው በር አሥራ ሦስተኛው ሆኖ በይሁዳ አንበሳ፣ በክርስቶስ ይመሰላል። የአንበሳው ጅራት በአጥሩ ላይ አለና ይፈልጉት።

በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል። የአካባቢው ሰዎች የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን እንዳባረረ ይተርካሉ። ለልጆቻችሁ ትውፊቱን እንደ ትውፊት፣ ታሪኩን እንደ ታሪክ ለይታችሁ ንገሯቸው፤ ሁለቱን መለየት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ፊደል ላልቆጠረ የተጻፈ

ወደ ውስጥ ስትገቡ ቀና በሉ። ጣሪያው ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች ተሞልቷል። ዓይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው፤ የትም ብትቆሙ የሚያዩአችሁ ይመስላሉ። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሥላሴ ተስለዋል፤ ከሥሩም ስቅለቱ አለ። በሌሎቹ ግድግዳዎች ላይ የጌታችንና የእናቱ ታሪክ፣ ሰማዕታት፣ ፈረስ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በእሳት መካከል ያለው ሰይጣንም ይገኛሉ። ትንንሽ ልጆች የመጨረሻውን ሊፈሩት ይችላሉና አጠገባቸው ሁኑ።

በአገራችን የጥንት አሳሳል ደጋግ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ክፉዎች ግን በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ለልጆች ብትነግሯቸው ሥዕሎቹን ራሳቸው ማንበብ ይጀምራሉ።

ሥዕሎቹ በተሳሉበት ዘመን መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ የሚጻፍ ውድ ነገር ነበር። ከእርሻ የሚመጣው ገበሬ፣ ልጅ ያዘለችው እናት የማንበብ ዕድል አልነበራቸውም። ታሪኩን የሚያገኙት ከካህኑ አፍና ከግድግዳው ነበር። ስለ ሥዕል አጠቃቀም እኛ የተለየ አቋም እንዳለን የታወቀ ነው፤ ለልጆቻችንም በጨዋነት ልናስረዳቸው እንችላለን። ነገር ግን እነዚያ ወላጆች ልጆቻቸው የመድኃኒታቸውን ታሪክ ሳያውቁ እንዳያድጉ ያደረጉትን ጥረት ማክበር አቋማችንን አያጎድልም።

ባለ ዕዳዎች ነን

ለዚያ ባል የነገርነው አንድ ታሪክ ነበር። በ1830 ሳሙኤል ጎባት የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የወንጌል መልእክተኛ ጎንደር ገባ። ይዞት የመጣው በ1824 ለንደን የታተመውን የአማርኛ ወንጌል ነበር። ጎንደር በቆየባቸው ወራት ከካህናትና ከመነኮሳት ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ቃሉ ተወያየ። እነርሱም በራቸውን አልዘጉበትም።

ያንን ወንጌል ወደ አማርኛ የመለሰው ግን ጎባት አልነበረም። አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ያህል ደክሞ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ተረጎመ። ሥራው ሲታተም ለማየት ሳይታደል ሞተ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1840 ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ ወንድሜ፣ አስቡት። በአማርኛ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ከአንድ የኦርቶዶክስ መነኩሴ እጅ የወጣ ነው። የአያቶቻቸውን ቤት እንዲንቁ ልጆቻችንን ብናስተምራቸው፣ ውኃ የጠጣንበትን ምንጭ እያደፈረስን ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

በመጀመሪያ ሁለታችሁ ተነጋገሩ። ከእናንተ አንዱ ኅሊናው ካልፈቀደለት አታስገድዱት፤ ሮሜ ምዕራፍ 14ን አብራችሁ አንብቡ። መጎብኘት ማለት በሥርዓቱ መሳተፍ ማለት አይደለም፤ በአክብሮት ቆሞ ማየት ይቻላል። ይህንንም ለአያት ቀድማችሁ በፍቅር ንገሯቸው፤ ቦታው ላይ ደርሶ መከራከር ሁሉንም ያሳዝናል።

የጸሎት ቤት መሆኑን አትርሱ። ጫማ ደጅ ይወልቃል። እህቶች ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወንድና ሴት የሚገቡበትን በር ጠይቁ። የካሜራ መብራት ሥዕሉን ስለሚጎዳ አታብሩ። በቅዳሴ ሰዓት አትግቡ። በተለይ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 የሥላሴ ክብረ በዓል ስለ ሆነ ለጉብኝት አይመችም። የሚያስረዷችሁን ካህን «አባ» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

አያት የበሩን መቃን ሲሳለሙ ልጃችሁ «ለምን?» ካለች፣ «አያትሽ ለእግዚአብሔር ያላትን ክብር የምትገልጸው እንዲህ ነው» በሏት። የእናንተን ልማድ ደግሞ ቤት ስትደርሱ አስረዷት። በአያቷ ፊት አያቷን አታሳፍሩባት።

ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚቸግርበት ጊዜ ስላለ፣ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ጉዞው ባይሳካም ስልክ ደውላችሁ አያት በልጅነታቸው በሥላሴ ያዩትን ለልጆቹ እንዲያወሩላቸው ጠይቁ። ያንን ማንም ሌላ ሊነግራቸው አይችልም።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ወላጆቻችን ከእኛ የተለየ ሥርዓት ሲከተሉ ልጆቻችን ስለ እነርሱ ከአፋችን የሚሰሙት ምንድን ነው?

2. በቤታችን ግድግዳና በቴሌቪዥናችን ላይ ልጆቻችን በየቀኑ የሚያዩት ምን ያስተምራቸዋል? ፊደል የማይቆጥር ልጅ ቤታችንን ቢያነበው ምን ይረዳል?

3. ልጆቻችን ስለ እምነታችን ቢጠይቁን ዛሬ ማታ የምንመልስላቸው አለን?

በሦስተኛው ላይ ሳትቸኩሉ ተነጋገሩ። እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ቆዩ።