«እርጥብ» የምትለዋ ቃል

የኬሚስትሪ መጻሕፍት የአሲድ ጋዝ መፈተኛን ሲገልጹ «እርጥብ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ወደ ቀይ ይለወጣል» ይላሉ። እኔም መርሳ ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ሸምድጄ ፈተና አልፌአለሁ። «ለምን እርጥብ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የተገኘው ግን ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ከተሻገርኩ በኋላ ነው፤ መልሴም ዝምታ ነበር።

ሃይድሮጂን ክሎራይድ ደረቅ ጋዝ ሳለ ሃይድሮጂኑና ክሎሪኑ ኤሌክትሮን ተጋርተው የተጣመሩ ናቸው፤ ሊትመስን የሚያቀላው የሃይድሮጂን አዮን ገና አልተፈጠረም። ሞለኪዩሉን ያለ ውሃ ወደ አዮኖች ለመክፈል እጅግ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ውሃ ሲገኝ ግን ሞለኪዩሉ ፕሮቶኑን ለውሃ ያስረክባል፤ አዮኖቹ በውሃ ሲከበቡ የሚለቀቀው ኃይልም ያንን ወጪ ይሸፍናል። በፊዚክስ አነጋገር፣ ውሃ በተቃራኒ ቻርጆች መካከል ያለውን ስበት 80 ጊዜ ያህል ያዳክመዋል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድማ ሃይድሮጂን እንኳ የለውም፤ አሲድ የሚሆነው ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ነው። እንግዲህ ደረቅ ወረቀት አለመቅላቱ ጋዙ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በጎረቤታችን አፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከአመዱ ጋር ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ለቋል። እንዲህ ያለው ጋዝ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይንንና ጉሮሮን የሚያቃጥለው እነርሱ እርጥብ ስለሆኑ ነው።

«ቤተ ሙከራ የለንም» የሚል ይኖራል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአካባቢያችን በርካታ የትምህርት ተቋማት መዘረፋቸውና መጎዳታቸው እውነት ነው። ይሁንና ይህ ሙከራ የሚጠይቀው ሁለት ቁራጭ ሰማያዊ ሊትመስና አንድ ክብሪት ነው። አንዱን ወረቀት በውሃ አርሱት፤ ሌላውን ደረቅ ተዉት። ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ ክብሪቱን ለኩሱና ሁለቱንም ድኝ ድኝ ወደሚሸተው ጭስ አስጠጉ። ክብሪት ሲነድ ራሱ የውሃ ተን ስለሚያወጣ ደረቁም በመጠኑ ሊቀላ ይችላል። «ደረቅ ሆኖ ሳለ ለምን ቀላ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ከሸመደደው ሁሉ ይልቅ ሳይንስን አውቋል።

በወልድያም ሆነ በሀብሩ ወረዳ የምታስተምሩ ባልደረቦቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ፈተና ስታወጡ «ቀለሙ ምን ይሆናል?» በሚለው ብቻ አትቁሙ፤ «ወረቀቱ ደረቅ ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁ።