ሽፍታውን ቀሚስ ማልበስ

ለድሃ የሚቆመውን ሽፍታ ሴት አድርጎ እንደገና መተረክ ዛሬ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ቀመሩ የታወቀ ነው፤ ጀግናዋ ጫካ ትገባለች፣ ባለጸጋ ዘርፋ ለችግረኛ ታካፍላለች፣ የአሳዳጇ ፍቅር ይይዛታል፣ ታሪኩም በሠርግ ይዘጋል። አፈ ታሪክን መለወጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። የእንግሊዙ ሮቢን ሁድ እንኳ በጥንቶቹ ግጥሞች ውስጥ ማሪያን የምትባል ፍቅረኛ የለችውም፤ ከግንቦት በዓል ጨዋታዎች ወጥታ ከእሱ ጋር የተጣመረችው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቅሬታዬ ለውጡ ከቀሚስ አለማለፉ ነው። አዳኙ አንድ፣ ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ ጠባቂ የሆነበት አወቃቀር ሳይነካ ይቀራል፤ በዚያ ላይ የሴቲቱ አመፅ በፍቅር ለዝቦ ያበቃል።

ቀመሩ ወደ እኛ ሲመጣ ምን እንደሚሸፍን ለማየት ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዷን ቱላን ማሰብ ይበቃል። የቱላ ገጠር የሲዳማ ገበሬ አገር ነው፤ ሲዳማ ደግሞ ሴት የነገሠችበት አፈ ታሪክ አለው። ንግሥት ፉራ ወንዶችን በማይቻል ትእዛዝ ስታስጨንቅ ኖራ፣ በመጨረሻ ተንኮል ሸርበው ቀጭኔ ላይ አስረው እንዳስገደሏት ይነገራል። ይህቺን ንግሥት ከጨካኝ ወደ ውብ አፍቃሪ መገልበጥ ቀላል ነው። ፍርዱን ብቻ መገልበጥ ግን ትረካው ለምን እንደተፈለገ አያስረዳም፤ "የሴት ሥልጣን መጨረሻው ይህ ነው" የሚለውን ማስፈራሪያ ሳይመረምር ያልፋል።

ከፉራ ይልቅ ለጸሐፊ የሚጠቅመው እዚያው ሲዳማ ውስጥ ያለው፣ ያካ የተባለው የሴቶች የጋራ ተቃውሞ ነው። ባል ሚስቱን ሲደበድብ ወይም ሲበድል፣ የአካባቢው ሴቶች ሲቆ የተባለውን በትራቸውን ይዘው፣ ቃሪቴ በምትባል መሪያቸው እየተመሩ፣ እየዘፈኑ ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሳ እንዲከፍልም ያስገድዳሉ። እዚህ ጋር ጫካ የገባች ብቸኛ ቆንጆ የለችም። አመፁ የጎረቤታሞች ነው፣ ደንብ አለው፣ ጉልበቱም ከብዛታቸው ይመጣል። የአንዲቷን በደል የሁሉም ጉዳይ ያደርገዋል፤ የፍቅር ሽፍታዋ ታሪክ ደግሞ የሁሉንም በደል የአንዲት ሴት ጀብዱ ያደርገዋል።

"ልብ ወለድ አንድ ጀግና ይፈልጋል፤ ሴት ልጅም መሣሪያ ያነሳች እህቷን ማየት አለባት" የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እሷንስ ታሪክ ሰጥቶናል። ከበደች ሥዩም ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በጣሊያን ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን መርታለች። ይህን የባል ደም መመለስ ብቻ አድርጎ የሚተርክ ሰው ግን መሪነቷን ወደ ሐዘን ያሳንሰዋል፤ የተከተሏት ሰዎች ለምን እንደታዘዟት አይጠይቅም። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ያካም ቢሆን የወንዶችን ሥርዓት አያፈርስም፣ በዳዩን ቀጥቶ ሴቲቱን ወደዚያው ቤት ሊመልስ ይችላል። እውነት ነው። ግን ለድርሰት የሚሆነው ግጭት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ካሳው ከተከፈለ በኋላ እዚያው ጎጆ ውስጥ ምን ይቀየራል? የሴት ሽፍታ ትረካ እውነተኛ ለውጥ የሚሆነው ይህን ጥያቄ ሲጋፈጥ፣ ከጀግናዋ ጎን የቆሙት ሴቶችም የየራሳቸው ፍላጎትና ክርክር ሲኖራቸው ነው።