ማልቀስ ሌላ፣ «ልክ ነበር» ማለት ሌላ

«ኤረን ልክ ነበር» የምትሉ ልጆች፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ። የ«አታክ ኦን ታይታን»ን መጨረሻ ሳይ እኔም አልቅሻለሁ። እናቱ ዓይኑ እያየ የተበላችበት ልጅ ነው። ግን ያ ልጅ አድጎ ከሰው ዘር 80 በመቶውን አስረገጠ። ሕመሙ ለምን እንዳደረገው ይነግረናል እንጂ የተረገጡትን አያስነሳም።

የጃፓን ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቴዎድሮስም በልጅነቱ የሚማርበት ገዳም ሲወረር፣ ጓደኞቹ ሲያልቁ ከሞት ያመለጠ ነው። ቋራ ሆናችሁ ስታዩት ጀግና ነው። በ1848 ዓ.ም. ከወሎ ወደ ሸዋ ሲዘምት መንዝና ግሼ ላይ ቆማችሁ ብታዩትስ? የእስረኛ እጅና እግር ያስቆርጥ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። አገር አንድ ላድርግ ያለውም፣ ያስቆረጠውም አንድ ሰው ነው። «ቆስሎ ነበርና ልክ ነው» ማለትም፣ «ሰይጣን ነበር፣ በቃ» ማለትም ያው ስንፍና ነው።

ከሁላችን የተሻለ ያየው ምኒልክ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ቴዎድሮስ ማርኮ መቅደላ ወሰደው፤ እንደ ልጅ አሳደገው፣ ልጁንም ዳረለት። ምኒልክ በ1857 አመለጠና የአባቱን ዙፋን ያዘ። በ1860 የቴዎድሮስ ሞት ሲሰማ ሸዋ ጨፈረ፤ ምኒልክ ግን በልቡ አዘነ ይባላል። አዘነ እንጂ «ባላመልጥ ይሻል ነበር» አላለም።

ለኤረንም እንደዚያው ነው። አልቅሱለት። የረገጣቸውን ግን አትርሱ።