ወደ ሙያ ኮሌጅ የሄደ ልጅ የወደቀ አይባል

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ከአገራችን ልጆች አብዛኞቹን የሚመለከት ሆኖ ሳለ በአደባባይ እምብዛም የማንነጋገርበት አንድ ጉዳይ ስላለ፥ ይህን አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ስለሚማሩ ተማሪዎች ነው።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆነ። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከታትለው ወደ ዩኒቨርሲቲ የዘለቁትን ብንጨምር እንኳ፥ ከደጅ የቀሩት ልጆች ቍጥር እጅግ ብዙ ነው። እነዚህን ሁሉ «ወደቁ» በሚል አንድ ቃል ሸፍነን ብናልፍ፥ አገሪቱ ልጆችዋን አሥራ ሁለት ዓመት አስተምራ ለምን እንዳዘጋጀቻቸው የምንመልሰው መልስ አይኖረንም።

እኔ በመርጡለ ማርያም የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ውጤት በተሰማ ሰሞን አባትና እናት እየመጡ ምክር ይጠይቁናል። ልጁ ብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ ቢማር እንደሚሻል ስንነግራቸው፥ «መዶሻ ለማስያዝ ነው እንዴ ይህን ያህል ዘመን ያስተማርሁት?» የሚሉን ጥቂቶች አይደሉም። ልጁም ይህን እየሰማ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ገና ከኮሌጁ ደጃፍ ሳይደርስ ልቡ የተሰበረ ተማሪ ደግሞ ምን ያህል ሊማር እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

ይህ ንቀት የዛሬ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ቢቀንስም ከልባችን አልወጣም። የሚያስገርመውም፥ የከተማችን ክብር የሆነው ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ነው። የጥርቡ ድንጋይ ጌጥ ዛሬም ከሩቅ አገር ድረስ እንግዳ ይስባል። ድንጋዩን እያደነቅን የጠራቢውን እጅ መናቅ እንዴት ይስማማል?

እኔ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ከሰዓት በኋላ ጎበዙንም ሰነፉንም ሳይለይ ተማሪውን ሁሉ ወደ አናጢ ቤትና ወደ አትክልቱ ቦታ ያሰማራ ነበር። መጋዝ መያዝ የውርደት ምልክት መሆኑን የሰማሁት ከዚያ ከወጣሁ በኋላ ነው። ይህን ለማስተዋል ግን ሚሲዮን መማር አያስፈልግም። የጎጃም ሰው የአብነት ትምህርት ቤትን ሥርዓት ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንዱ በዜማ ቤት፥ አንዱ በቅኔ ቤት፥ አንዱም በመጻሕፍት ቤት ይውላል። ዜማ የመረጠውን ሰው «መጻሕፍት ስላልሆነለት ነው» ብሎ የሚያንኳስስ የለም፤ እያንዳንዱ በተመረቀበት ይከበራል። ይህን የአባቶቻችንን ሚዛን ለሙያ ተማሪ ለምን ነፈግነው?

በሙያ ኮሌጅ የተማሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ የሚያጫውቱኝን ስሰማ፥ ችግራቸው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የኑሮ ነው። እንደ ቆሎ ተማሪ ድርቆሽና በሶ ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ፤ ለአራት ለአምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ለሴት ልጅማ ከዚህም ይከፋል። ሁለተኛው የልምምድ ነው። ሥርዓቱ ሠልጣኙ አብዛኛውን ተግባር በሥራ ቦታ እየተለማመደ እንዲማር ያዛል። ዳሩ ግን ብዙ ባለ ድርጅት «ዕቃዬን ይሰብርብኛል» እያለ ይመልሳቸዋል፤ የተቀበላቸውም ቢሆን ሲያስጠርግና ሻይ ሲያስመጣ ይከርማል። ሦስተኛው ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። የብቃት ምዘናውን አልፎ ወረቀቱን የያዘ ልጅ የብየዳ መኪና መግዣ ስለሌለው፥ ብድር ሲጠይቅም ዋስትና ስለሚባል፥ ሙያው በእጁ እያለ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

በዚህ ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ተጨመረ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መንገድም በየጊዜው እየተቋረጠ ተማሪው ከቤቱ ርቆ መሄድ አስፈራው። እንዲህ ባለ ጊዜ በአቅራቢያ የሚገኝ፥ ልጁ ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማርበት ኮሌጅ ያለው ጥቅም ከምንጊዜውም የበለጠ ነው።

በአሜሪካ ይህን የመሰለ የአካባቢ ኮሌጅ ከተጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው። በኢሊኖይ ግዛት የጆሊየት ኮሌጅ የተከፈተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ነው። በእንዲህ ያለው ኮሌጅ ተማሪው ከቤቱ ሳይርቅ፥ በአነስተኛ ክፍያ ሁለት ዓመት ይማራል፤ ከዚያ ሙያ ይዞ ይወጣል፥ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። ወደዚያ የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ቀን እየሠሩ ማታ እየተማሩ ኑሮን የጀመሩት በእነዚሁ ኮሌጆች ነው። እዚያ «ወደቀ» ያላቸው የለም። በእኛም አገር ሙያና ከፍተኛ ትምህርት ባላንጣ አልነበሩም፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ለዛሬው ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። ኮሌጆች የአካባቢውን ችግር ተመልክተው ሙያ ይምረጡ፤ ወፍጮ ሲሰበር፥ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲቆም ጠጋኝ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ የምንጠብቅ ሰዎች ነንና። የወረዳ መሥሪያ ቤቶች የተማሪ ወንበርና የቢሮ መስኮት ሲያሠሩ ለአዲስ ተመራቂዎች ቅድሚያ ይስጡ፤ ከገንዘብ ዋስትና ይልቅ የመጀመሪያ ሥራ ይበልጥ ይረዳቸዋልና። ባለ ጋራዦችና ባለ ወርክሾፖች ለማጁን መጥረጊያ ሳይሆን መፍቻ ያስይዙት። ከሙያ ወደ ዲግሪ የሚያሻግረው ጠባብ መንገድም ለትጉሁ ልጅ ይስፋለት።

እኛ መምህራን ደግሞ ከሁሉ የቀለለውን ድርሻ ይዘናል። በክፍል ውስጥ «ካላጠናህ ሙያ ኮሌጅ ትገባለህ» እያልን ማስፈራራትን እንተው። ኮሌጅን እንደ ወህኒ ቤት እየጠቀስን ያሳደግነውን ልጅ፥ ኋላ በደስታ ግባ ብንለው አያምነንም። ወላጆችም ልጃቸው ወደ ሙያ ኮሌጅ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገባው ልጅ መርቀው፥ ስንቁን ቋጥረው ይሸኙት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንድ መምህር
ከመርጡለ ማርያም